ሾፌሩን ከማባረርዎ በፊት ኮፈኖውን ይክፈቱ

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምትጽፉልኝ ስለ ፍቅርና ትዳር፣ ስለ አማትና ስለ አከራይ ነው። የዛሬው ደብዳቤ ግን ስለ መኪና ነው። «መኪና ለሌለኝ ሰው ምን ይረባኛል» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ የቸኮላችሁ፣ አንዴ ታገሱኝ። በዚህች መኪና ምክንያት አንድ ልጅ እንጀራውን ሊያጣ ነው። አንዲት እናት ደግሞ ሰው ማመን ሊያቆሙ ምንም አልቀራቸውም።

ጸሐፊዋ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ እህታችን ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ጥለውላቸው የሄዱት አንድ ፒክ አፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ቶዮታ ሀይሉክስ፣ የቤንዚን ሞተር፣ ካርቡሬተር ያለው። የሚነዳው ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ ረዳት የነበረ ልጅ ነው። ከመርካቶ የሱቅ ዕቃ ጭኖ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታና ጫንጮ ያደርሳል፣ ማታ ማታ ሒሳብ ያስገባል። የቤቱ ቀለብም የልጆቹ ትምህርት ቤትም ከዚያችው ሒሳብ ነው።

ከአራት ወር ወዲህ ታዲያ ሒሳቡ መጉደል ጀመረ። ልጁ ሲጠየቅ «ዳገቱ ላይ ጠፋብኝ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ነው የተነሣልኝ፣ ሁለተኛው ጭነት አመለጠኝ» ይላል። መኪናው ጋራዥ ሲሄድ ግን በአንድ ቁልፍ ይነሣል። መካኒኩም ሰፈሩን አንድ ሁለት ዙር ነድቶት ይመለስና «ምንም የለበትም» ይላል። ምንም የለበትም እየተባለ ደግሞ ባትሪ ተቀየረ፣ ካንዴላ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ቦቢና ተቀየረ፣ ካርቡሬተሩ ወርዶ ታጠበ። አሁንም ይጠፋል... ልጁ እንደሚለው ከሆነ ማለቴ ነው። የባለቤታቸው ወንድም «ሌባ ነው፣ አባሪው» ብለዋቸዋል። ደብዳቤው የሚያልቀው እንዲህ ብሎ ነው፤ «የሚዋሸኝ ልጁ ነው ወይስ መኪናው?»

እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ 12ኛን እስክጨርስ ድረስ ክረምት ክረምቱን ያሳለፍኩት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ ሳቀብል ነው። እዚያ ካየሁት የመኪና በሽታ ሁሉ ባለቤትና ሾፌርን የሚያጣላ እንደዚህ «ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሣል» እንደሚሉት ያለ የለም። የተሰበረ ነገር ይታያል። የሚያፈስ ነገር ይታያል። ይሄ ግን ምስክር ሲመጣ የሚደበቅ በሽታ ነው።

ከደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ልጁ የሚለው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ጭነት ሲኖር፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ዳገት ላይ ይጠፋል፣ ትንሽ አርፎ ሲበርድ ይነሣል። ገንዘብ ለመሸሸግ የፈለገ ሰው «ጎማ ፈነዳብኝ»፣ «ትራፊክ ያዘኝ» ቢል ይቀለዋል እኮ! እንዲህ ያለ ውሸት ለመፍጠር መካኒክነት ያስፈልጋል። ይሄ ልጁን ነፃ ያወጣዋል አልልም። ግን የነገረዎት ነገር ሙቀት የሚያመጣው ብልሽት መልክ አለው።

ሲሞቅ የሚከዳ፣ ሲበርድ የሚታረቅ ዕቃ አለ ወይ ለሚሉኝ፣ በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የአሜሪካው ፎርድ ከእ.ኤ.አ. 1983 ጀምሮ በሚሊዮን በሚቆጠሩ መኪኖቹ ላይ፣ ፒክ አፖቹም ጭምር፣ እሳቱን የምታዝዘውን የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ ስፒንተሮጅኑ ጎን ላይ ሰካት። ስፒንተሮጅን የሚባለው መቼም ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው፣ ብዙ ወፍራም ሽቦ ከራሱ ላይ የሚወጣው ክብ ዕቃ ነው። ቦታው ደግሞ የሞተሩ ሙቀት መሐል ነው። መኪኖቹ መንገድ ላይ ይጠፋሉ፣ ቆመው ሲበርዱ ይነሣሉ፣ ጋራዥ ሲደርሱ ጤነኛ ናቸው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ዳኛ ኩባንያው ችግሩን እያወቀ ደብቋል ብለው ወሰኑ። በዓመቱ ኩባንያው ከከሳሾቹ ጋር ተስማማ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሾፌር «ምንም የለበትም፣ አነዳድህ ነው» ተብሎ እንደተመለሰ አስቡት።

የእርስዎም መካኒክ ሐሰት አልተናገረም። መኪናው ጋራዡ የሚደርሰው ቀዝቅዞ ነው፤ ባዶውን ነው፤ ሜዳ ላይ ነው የሚነዳው። በዚያ ሰዓት እውነትም ምንም የለበትም! ስሕተቱ ምንም ሳያገኝ ዕቃ መቀየሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቤንዚን ሞተር የሚጠፋው ወይ እሳት አጥቶ ነው፣ ወይ ቤንዚን አጥቶ ነው። ሌላው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። የትኛውን እንዳጣ የሚታወቀው ደግሞ በጠፋበት ቦታ፣ በጠፋበት ደቂቃ፣ ሳይበርድ ነው። ከበረደ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሕመምተኛው ድኖ ከተነሣ በኋላ ሙቀቱን እንደመለካት ነው። ስለዚህ መርማሪው መካኒኩ አይደለም፣ ልጁ ራሱ ነው። ጥርጣሬ ያደረብዎት ሰው ላይ ምርመራውን መጣል ግራ እንደሚመስልዎት አውቃለሁ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የሚታየው አጠፋፉ ነው። ሬዲዮ እንደሚዘጋ ድንገት ጭጭ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ነው የተቋረጠው። እየሳለ፣ እየተንገጫገጨ፣ ጉልበቱ እየከዳው ቆይቶ ከጠፋ ቤንዚን እያነሰው ነው። ቀጥሎ ዳሽቦርዱን ማየት ነው። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ሳይነካ፣ የባትሪውና የዘይቱ ቀይ መብራት መብራት አለባቸው። እነሱም ጨለማ ከሆኑ ነገሩ ከሞተሩ በፊት ነው፤ የባትሪው ራስ ላልቷል፣ ዋናው ፊውዝ ወይም የቁልፍ ቤቱ ይዝላል፣ ወይ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ሽቦ ዝጓል። የማሳ ሽቦን ነገር ሰው ይንቀዋል። አሮጌ መኪና ላይ ግን ቀለምና ዝገት መሐል ተጣብቆ፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ አንዴ የሚይዝ አንዴ የሚለቅ ስንት አለ!

ቁልፉንም አይርሱ። ልጁ ከመኪናው ቁልፍ ጋር የመጋዘን ቁልፍ፣ የቤት ቁልፍ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ ምኑ ቅጡ አንጠልጥሎበት ከሆነ ያውርደው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 2.6 ሚሊዮን መኪኖችን የጠራው ቁልፉ በተንጠለጠለበት ክብደትና በመንገዱ ንዝረት ከቦታው ስለሚንሸራተትና ሞተሩ ስለሚጠፋ ነው። ኩባንያው ያቋቋመው የካሣ ፈንድ በዚህ ምክንያት 124 ሰው መሞቱን ተቀብሏል። የእርስዎን ለመሞከር ሞተሩ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ቁልፉን በጣት ነካ ነካ፣ ወዘወዝ ማድረግ ነው። ሲነካ ሞተሩ ከደነገጠ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

አሁን የእሳቱ ሙከራ። ልጁ መኪናው ውስጥ ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛው አሮጌ ግን ጤነኛ ካንዴላ፣ ወገቡ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበትና የሽቦው ጫፍ ቦዲ የሚነክስ መቆንጠጫ ያለው። ሁለተኛው ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል፣ ሁለት ረዘም ያለ ሽቦ የተበየደለት። ሁለቱም የትም የሚገኙ ናቸው፣ ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሽያን በአሥር ደቂቃ ይሠራቸዋል።

መኪናው ሲጠፋ ዳር ይይዛል፣ ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይገባል። ከዚያ ከአንዱ ካንዴላ ላይ ሽቦውን ነቅሎ አሮጌው ካንዴላ ላይ ይሰካዋል፣ መቆንጠጫውን ከካርቡሬተሩ ራቅ ያለ ንጹሕ ብረት ላይ ያስነክሰዋል፣ እጁን ያነሣል፣ ረዳቱ ሞተሪኖውን ያዞራል። እጁን ያነሣል ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቦቢናው የባትሪውን 12 ቮልት ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አድርጎ ነው የሚሰደው። ካንዴላው ማሳ ካልነካም እሳቱ መውጫ አጥቶ ኤሌክትሮኒክሱን ሊያቃጥል ይችላል። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ ሙከራው ይቅር፣ ሽታው ከየት እንደመጣ ይፈለግ። ቀጥ ያለ፣ ሰማያዊ፣ ጠሽ ጠሽ የሚል እሳት ከታየ እሳት አለ። ምንም ከሌለ፣ ወይም ቢጫ ብጤ ቀጭን ነገር ከሆነ እሳት የለም ይባል።

እሳት ከሌለ አምፖሉ ይወጣል። አንዱ ጫፍ ቦዲ ላይ፣ ሌላው የቦቢናው ፖዘቲቭ ላይ፣ ቁልፉ ተከፍቶ። ካልበራ ኤሌክትሪኩ ቦቢናው ጋ ሳይደርስ ነው የቀረው፤ ቁልፍ፣ ፊውዝ፣ ሽቦ ነው። ከበራ አምፖሉን ወደ ቦቢናው ኔጌቲቭ ያዛውርና ረዳቱ ሞተሪኖውን ያዙር። ቦግ እልም፣ ቦግ እልም ካለ የሚቆራርጠው ዕቃ እየሠራ ነው፣ ጥርጣሬው ወደ ቦቢናው ወይም ከሱ በኋላ ወዳለው ወደ ስፒንተሮጅኑ ክዳን ይሄዳል። ሳይጠፋ እንደበራ ከቀረ ቆራጩ አይዘጋም። ጭራሽ ካልበራ ቦቢናው ውስጡ ተበጥሷል፣ ወይም ቆራጩ ተጣብቆ ቀርቷል። ቆራጭ የምለው በቆየው ዓይነት ፑንቲና ነው፣ በኋላ በመጣው ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የስፒንተሮጅኑ ክዳን ሲከፈት ይታያል።

ይሄ ሁሉ ሥራ ሲለመድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ አምስት ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ ካወጡት ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ትነግርዎታለች።

እሳት ጠፍቶ ከተገኘ የእኔ ጥርጣሬ የት ላይ እንደሆነ ልንገርዎ። ቦቢናው ተቀይሯል ብለውኛል። ጥሩ። ግን አዲስ መሆኑና ትክክለኛ መሆኑ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ቦቢና ከፊቱ ኤሌክትሪኩን የሚቀንስለት ነጭ የሸክላ ሬዚስተር እንዲኖር ተብሎ ነው የተሠራው። ያንን ዓይነት ቦቢና ሬዚስተር በሌለበት መኪና ላይ ቢያስሩት ይሠራል፣ እንዲያውም ጥሩ እሳት ይሰጣል። ከዚያ ከልክ በላይ ይግላል፣ ሲግል ይደክማል፣ ፑንቲናውንም ይበላል። ሶማሌ ተራ ሄደው «የሀይሉክስ ቦቢና» ብሎ መግዛት በቂ አይደለም፤ አሮጌውን በእጅ ይዞ ሄዶ ጽሑፉን ማስተያየት ያስፈልጋል። ተቃራኒውም አለ፤ ሬዚስተሩ ራሱ ውስጡ ሲሰነጠቅ ሞተሩ ቁልፉ ሲዞር ይነሣና ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይጠፋል። ለማስነሻ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሬዚስተሩን ስለማይነካ ነው። ይሄን ምልክት ያየ ሰው መጀመሪያ ሬዚስተሩን ይጠርጥር።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ስፒንተሮጅኑ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። እዚያ ውስጥ ፑንቲናውን ወይም የኤሌክትሮኒክሱን ዓይን የተሸከመ አንድ ሰሌዳ አለ። ጋዝ ሲረገጥና ሲለቀቅ፣ ከሞተሩ በሚመጣ የአየር ስበት ሰሌዳው ወዲያና ወዲህ ይላል። ሽቦዎቹም አብረውት ይታጠፋሉ። ሠላሳ ዓመት፣ አርባ ዓመት ሲታጠፉ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፣ ላስቲኩ ግን ደኅና ሆኖ ይቀራል! በዓይን ሲያዩት ምንም አይደለም። በሚኒሞ ሲሠራ ይገናኛል፣ ዳገት ላይ ጋዝ ሲቀያየር ይለያያል። ከሚያዩት መካኒኮች ብዙዎቹ አልፈውት ይሄዳሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ እያንዳንዱ ሽቦ በጣት ቀስ ተብሎ ይሳባል። ጤነኛ ሽቦ አይለጠጥም። የተበጠሰው እንደ ጎማ ይለጠጣል።

ፑንቲና ከሆነ ክፍተቱም ይለካ፤ ለእንዲህ ዓይነት ቶዮታ 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፊቱ ከተቃጠለና ጉብ ካለ አጠገቡ ያለው ኮንደንሰርም ይጠረጠራል፤ እሱም ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ ነው። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ሰው ይረሳዋል።

መንገድ ላይ ሙቀቱን ለማጋለጥ የድሮ ሾፌሮች የሚያውቋት ዘዴ አለች። ጨርቅ በውኃ ይነከርና ይጨመቃል፣ የጠረጠሩት ቦቢና ላይ ይጠመጠማል፣ የሽቦ መያዣዎቹን እንዳያረጥብ ተጠንቅቀው። ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረው በሦስት ደቂቃ ከተነሣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው፣ በጸጉር ማድረቂያ የጠረጠሩትን ዕቃ ማሞቅ ነው። ጸጉር ቤት ያላት ጎረቤት ካለችዎት ይዋሷት፤ መካኒኩ መጀመሪያ ይስቃል፣ መኪናው ፊቱ ሲጠፋ ግን ሳቁ ይቆማል። በዝናብና በጭጋግ ብቻ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ የክዳኑን ስንጥቅና የካንዴላ ሽቦዎቹን ፈትሹ እል ነበር፤ ማታ በጨለማ ኮፈኖው ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ ሰማያዊ እሳት በጎን ሲያፈተልክ በዓይን ይታያል። የእርስዎ ግን በበጋም ስለሚያደርገው እዚያ ላይ አልቆይም።

እሳቱ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔ ቤንዚኑ ነው። «ሲበርድ ይነሣል» ማለት የግድ ኤሌክትሪክ ማለት አይደለም፤ ይሄን ያልኩት ማንም ሰው ከምልክቱ ብቻ ተነሥቶ እንዳይፈርድ ነው። መጀመሪያ የሚሞከረው ነፃ ነው፤ የነዳጅ መያዣውን ክዳን መክፈት። ፉሽ ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ወዲያው ከተነሣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቤንዚኑ ሲወጣ በቦታው አየር ስለማይገባ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል፤ ሲቆም ቀስ ብሎ አየር ይገባና ይነሣል። ስንት ሰው በዚህች ክዳን የተነሣ ካርቡሬተር አሳጥቧል መሰላችሁ!

ክዳኑ ካልሆነ የአየር ፊልትሮው ክዳን ይነሣና፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ፣ ጋዙ በእጅ ሲሳብ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ቤንዚን ፊጭ ሲል መታየት አለበት። ፊጭ ካላለ ካርቡሬተሩ ባዶ ነው፤ ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ የጎማ ቱቦው፣ የመያዣው ውስጥ ቆሻሻ ይፈተሽ። ቆሻሻው ሞተሩ ሲስብ አፉን ይደፍናል፣ ሲቆም ወደ ታች ይሰፍራል። ከዚህ ሌላ የቤንዚኑ ቱቦ ማርሚታው አጠገብ ተጠግቶ ከሆነ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ሊተን ይችላል። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ውኃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ በ100 አይደለም። ቤንዚንም እንደዚያው ይቸኩላል። ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት ደግሞ ከዚህም በላይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። 32 ገጽ ደብተር ይግዙለት። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ጭነቱን፣ መያዣው ውስጥ ስንት ቤንዚን እንዳለ፣ ድንገት ይሁን እያሳለ፣ ቀይ መብራቶቹ ይብሩ አይብሩ፣ እሳት ይኑር አይኑር፣ በስንት ደቂቃ እንደተነሣ ይጻፍ። መጻፍ ቢከብደው ረዳቱ ይጻፍለት። ከዚያ እርስዎ ራስዎ፣ ወይም ትልቁ ልጅዎ፣ ከጎኑ ተቀምጣችሁ ሁለት ሦስት ቀን አብራችሁት ሂዱ፤ ሙሉ ጭነት በያዘበት፣ ፀሐይ በሆነበት ቀን። እሱን ለመሰለል አይደለም፤ አንድ ሰው ሞተሪኖ የሚያዞር፣ አንድ ሰው እሳት የሚያይ ያስፈልጋላ! ግልጽ አድርገው ይንገሩት።

እውነተኛ ብልሽት ደብተር ላይ መልክ ያወጣል። ጭነትና ሙቀት ይከተላል፣ ማን እንደተቀመጠ አያይም። የተፈጠረ ወሬ ግን አንድ ቀን ሜዳ ላይ፣ አንድ ቀን ጠዋት በብርዱ፣ አንድ ቀን ባዶውን ሲሆን ይገኛል፤ እርስዎ ባሉበት ደግሞ ጭራሽ አይከሰትም። ደጋግመው ሄደው፣ በዚያው ጭነት በዚያው ዳገት ካልጠፋ ያኔ ልጁን ቁጭ አድርገው መጠየቅ መብትዎ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ የባለቤትዎ ወንድም ይቅር ይበሉኝና፣ እሳቸው እንኳን ኮፈኖውን ከፍተው ያዩ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ፤ የጎደለው ሒሳብ ከልጁ ደመወዝ ይቆረጣል? ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉትም። የሚቆረጥ ከሆነ ምርመራው እስኪያልቅ ያቁሙት። የሚቆረጥበት ሾፌር ሲጠፋበት አይናገርም፤ መናገር ትቶ የሞቀውን ሞተር በግድ ለማስነሣት ባትሪና ሞተሪኖ ሲጨርስ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ዜሮ ለቅቆ ሲወርድ ያገኙታል። ይሄ ደግሞ ከገንዘብ የከፋ ነው። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ስበት አንድ ሁለት ጊዜ ሲረገጥ ያልቃል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ሲጠፋበት ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይሆን አንዴ አጥብቆ ይርገጥ፣ መሪው እንዳይቆለፍ መኪናው ሳይቆም ቁልፉን እንዳያወጣ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ቶሎ ይውረድ። ትሪያንግሉም መንገድ ላይ ይውጣ፤ ቅጠል ብቻ ጎዝጉዞ መቆም ይብቃ።

ጋራዥ ሲመለሱ «መኪናዬን ሥራልኝ» አይበሉ። «ሲሞቅ እሳት ያጣል፣ አምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ ይበራል፣ ኔጌቲቭ ላይ ቦግ እልም አይልም» ይበሉ። ይሄን የሰማ መካኒክ ሦስተኛ ዙር ካንዴላ ሊሸጥልዎ አይደፍርም። አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይቀየር፤ ሦስት ዕቃ በአንዴ ከተቀየረ የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅም፣ ሲመለስም ከዜሮ ነው የሚጀመረው። የተነቀለው ዕቃ ሁሉ ደግሞ በእጅዎ ይግባ።

«ሸጬው ልገላገል?» ላሉኝ፣ አሁን አይሽጡት። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አንዱን አሮጌ ሸጦ ሌላ መግዛት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። «መንገድ ላይ ይጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ መኪና ዋጋ ደግሞ ያውቁታል። ሳይናገሩ መሸጥም ለእርስዎ የሚሆን አይመስለኝም።

በመጨረሻ፣ የድሮው ቦቢና የት ገባ? ጋራዡ ካልጣለው ዛሬውኑ ሄደው ይቀበሉት። ጉዳዩ ቦቢናው ካልነበረ ያ አሮጌ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ጽሑፉን ከአዲሱ ጋር ያስተያዩበታል፣ ልጁም መኪናው ውስጥ ይዞት ይዙር። አዲሱ ዳገት ላይ ግሎ ከተገኘ አሮጌውን እዚያው ለመቀየር አንድ ካቻቢቴና አንድ ትንሽ ቁልፍ ይበቃል። ደብተሩ ሲሞላ ይጻፉልኝ፤ ያሉትን ነገር እዚሁ ገጽ ላይ አብረን እናየዋለን።